ምላሴ ዶኒጎል ላይ የጠፋበት ቅዳሜ

ውሸታም አትበሉኝ! ጉረኛ በሉኝ፣ እሱን እቀበላለሁ። ባለፈው እዚህ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ጸጉር ቤቱ ውስጥ አንዱ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ሌላው ተራ እየጠበቀ፣ «እሱ ደግሞ አየርላንድ! ከሳውዝኤንድ ውጪ ባህር አይቶ አያውቅም» ስትሉ በር ላይ ቆሜ ሰማኋችሁ። ሳውዝኤንድ እኮ የለንደን ሰው እሁድ ሄዶ ቺፕስ በልቶ የሚመለስበት ነው። እኔን ከቺፕስ ጋር ደባለቃችሁኝ! ያኛው ጢሙን የሚያስተካክለው ደግሞ ምን አለ? «ያለ ቪዛ ገብቶ ወጣ? ሙድ እየያዘብን ነው።»

ስሙኝማ። ጉራና ውሸት አንድ አይደለም። ውሸት ያልነበረውን ነበረ ማለት ነው። ጉራ የነበረውን ትንሽ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። ይሄ የምነግራችሁ ግን ጉራም አይደለም፣ ምክንያቱም ከአርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ስፈራ ነው የዋልኩት። ፈራሁ ብሎ ጉራ የሚነዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፈው። ፊደል ከሳትኩ እናንተ የተማራችሁት አርሙት፣ ሥራ አግኙ።

እትዬን ታውቋቸዋላችሁ። ሃክኒ ገበያ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ የሚሸጡት፣ ስልሳ ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ግን የጤፍ ጆንያ ሲያነሱ የማንንም እርዳታ የማይፈልጉት። እኔ ሾፌራቸው ነኝ፣ ድንኳን ተካይ ነኝ፣ ድስት አጣቢ ነኝ። በጾም ጊዜ ደግሞ ምላሳቸው ነኝ።

ምላስ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እትዬ ጾም አይገድፉም። ግን ፈረንጁ ሁዳዴ አያውቅ፣ ፍልሰታ አያውቅ፣ ዶሮ ወጡን ይፈልጋል። እና እትዬ በጾም ዶሮ ወጥ ይሰራሉ፣ አይቀምሱም። በመዓዛው ያውቁታል፣ በቀለሙ ያውቁታል፣ ዘይቱ ላይ ሲንሳፈፍ ያውቁታል፣ ጨውን ግን አይን አያየውም። ጨው ቀማሽ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ጾም ላይ ደካማ ነኝ። እትዬ «አንተን እንደሁ ሲኦል ቦታ ይዞልሃል፣ እስከዚያው እንኳን አገልግል» ብለው ማንኪያውን ያቀብሉኛል። እኔም እቀምስና አንድ ቃል እላለሁ፦ «ይቀረዋል» ወይም «በቃው»። አራት አመት ሙሉ አንድ ቀን አልሳትኩም። ይሄን ምላስ ኢንሹራንስ ሊገቡለት ይገባል ብዬ ስንቴ ነግሬያችኋለሁ።

አምና ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ነው ነገሩ የመጣው። ሃክኒ ትኖር የነበረች አንዲት አይሪሽ ደንበኛ ነበረችን፣ ሽሮ ቅዳሜ ካላገኘች የምታለቅስ። እሷ አገሯ ተመልሳ ዶኒጎል ገባች። ዶኒጎል አየርላንድ ሰሜን ጫፍ ላይ ያለ የባህር ዳር አውራጃ ነው። እዚያ በየክረምቱ ባህሩ ዳር የሁለት ቀን የምግብ ባዛር አለ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ይሸጣል፣ ቦታ ይዤላችኋለሁ፣ ኑ ብላ ደወለች። እትዬ ደስ አላቸው። ለንደን ላይ ቆመው ሰላሳ አመት ሸጡ፣ አንድም ሰው ከባህር ማዶ ኑ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም።

«አንተ» አሉኝ፣ «ያንተ ወረቀት እዚያ ያስገባል?»

«እኔን? እትዬ፣ ይሄን ፊት አይቶ የሚመልስ አለ?»

«ቀልዱን ተወውና።»

«ኬላ የለውም እትዬ። ቼክ አድርጌያለሁ።»

ቼክ ያደረግኩት የት መሰላችሁ? እናንተ ጋ! እዚያው ጸጉር ቤት! አንዳችሁ፣ ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል፣ «ቤልፋስት ከደረስክ በኋላ መንገዱ ዝም ብሎ ይገባል፣ አጥር የለ፣ ዘበኛ የለ» ሲል ሰምቼ ነው። እትዬ የእንግሊዝ ፓስፖርት አላቸው፣ እሳቸው ምን ቸገራቸው። የኔዋ ግን ያቺ የስደተኛ የጉዞ ደብተር ናት። አምስት አመቴን ጨርሼ ለቋሚ መኖሪያ አፕላይ አድርጌ፣ ማመልከቻዬ ኢሚግሬሽን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቴ አገር ቤት ሆና ወረቀቱ እንዲመጣ ለገብርኤል ጥላ ተስላለች። በደወልኩ ቁጥር «ጥላውን ልግዛ ወይስ ይቆይ?» ትለኛለች። እንደ ማንቂያ ደወል። እኔም «ግዢው አንቺ፣ በእጅ ያለ ነገር ነው» እላታለሁ። በእጅ ያለ ነገር!

ፍልሰታ በገባ ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት በቫኗ ተነሳን። ቫኗን ታውቋታላችሁ፣ አረንጓዴዋን፣ ጎኗ ላይ በትልቁ በአማርኛ «እንጀራ» ተብሎ የተጻፈባት። ከኋላ እንጀራ በካርቶን፣ በርበሬ፣ ድስት፣ ድንኳን። ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሜን ነዳሁ፣ ከስኮትላንድ መርከብ ገባን፣ ቤልፋስት ወረድን፣ እሷ ገና በእንግሊዝ ስር ናት። ማንም ምንም አላለንም። አርብ ጠዋት ደግሞ በደሪ ከተማ በኩል ወደ ዶኒጎል።

አሁን ይሄን ልብ በሉ። እኔ ድንበር አውቃለሁ። መተማን በእግሬ ነው የተሻገርኩት። በረሃውን፣ ሊቢያን፣ ባህሩን፣ የፈረንሳይዋን ካሌን፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ድንበር ማለት ለኔ ውሻ ነው፣ ሽቦ ነው፣ አይን የሚያጠፋ መብራት ነው፣ «ቁጭ በል» የሚል ሰው ነው። እና እኔ አይኔን አፍጥጬ ድንበሩን ስጠብቅ፣ በግራ ሳር፣ በቀኝ ሳር፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ ከዚያ የመንገዱ ጠርዝ መስመር ቢጫ ሆነ፣ የፍጥነት ምልክቱ ከማይል ወደ ኪሎሜትር ተቀየረ። በቃ። ስልኬ ጢን አለች፣ ወደ አየርላንድ እንኳን ደህና መጡ።

«ገባን እንዴ?» አሉ እትዬ ከእንቅልፋቸው ነቅተው።

«ገባን!»

«የቱ ጋ ነበር?»

«ቢጫው መስመር ጋ።»

ሳቅኩ። መሪውን እየደበደብኩ ሳቅኩ። ለዚህ ነው ሰው የሚያልቀው? አንድ ቆርቆሮ ምልክት ነች እኮ! እናንተም ብትሆኑ ትስቁ ነበር። አጥር ካላየን ክልክል አይመስለንም። እኛን ያሳደገን አጥር ነው፣ ሕግ አይደለም።

ዶኒጎል ምን ይመስላል ካላችሁ፣ ሰው የሳለው ነው የሚመስለው። ገደሉ ቀጥ ብሎ ባህር ውስጥ ይገባል፣ ሳሩ አረንጓዴ ሳይሆን ከአረንጓዴ በላይ ነው፣ ዝናቡ መጥቶ ይሄዳል፣ ፀሐይዋ መጥታ ትሄዳለች፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በልግም መኸርም ታያላችሁ። በጎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ያለ ገመድ ቆመው ይግጣሉ። ጀርባቸው ላይ በሰማያዊና በቀይ ቀለም ምልክት አለ፣ የማን እንደሆኑ የሚታወቅበት። የአይሪሿ ቤት ባዛሩ ካለበት ሜዳ ጀርባ ነው፣ ከኩሽናዋ መስኮት ሜዳውም ባህሩም ይታያል። እትዬን አቅፋ አለቀሰች። እትዬም እሷ ገዝታ ባስቀመጠችላቸው ቅቤ ላይ ወዲያው እጃቸውን አስገቡና ማንጠር ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ምን ላድርግ፣ ጉራዬን ልነዛ ወጣሁ። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሜ ለጸጉር ቆራጩ በቪዲዮ ደወልኩ።

«የት ነህ አንተ ቀልማዳ?» አለኝ፣ መቀሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል።

«አየርላንድ! ይሄውልህ አትላንቲክ! ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጎረቤት አሜሪካ ነው፣ ሰላም ልበልልህ?»

«እውነትህን ነው? ቪዛ መቱልህ?»

«የምን ቪዛ? ኬላ የለም እኮ። አንተ ቤት አይደል የሰማሁት!»

መቀሱ ቆመ።

«ስማኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኬላ የለም ማለት ሕግ የለም ማለት ነው እንዴ? የኛ ደብተር ቪዛ ትፈልጋለች። ያ ብሪክስተን የነበረው ልጅ አውቶቡስ ላይ ይዘውት አይደል? መለሱት። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻው እንደተንጠለጠለ ነው፣ ይኸው ሁለት አመቱ።»

«ቀልድህን ነው።»

«እኔ ነኝ ወይስ አንተ የምትቀልደው? አንተ አሁን አፕላይ አድርገህ የለም እንዴ? ማነው የላከህ?»

ማን እንደላከኝ ታውቃላችሁ። ማንም። አፌ ነው የላከኝ።

ስልኩን ዘጋሁና እዚያው ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰማያዊ ቀለም ያለባት በግ መጥታ አየችኝ። እሷ እንኳን ተመዝግባለች። በዚያ አገር ውስጥ ምልክት የሌለው እንስሳ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፍርሃት አላውቅም እንዳትሉኝ፣ አውቃለሁ። ሊቢያ ውስጥ ፍርሃት እግር ላይ ነው፣ ትሮጣለህ። ባህር ላይ ሆድ ላይ ነው፣ ትጸልያለህ። እዚህ ግን የሚያባርርህ የለም! ሁሉም ሰው ይስቅልሃል። መኪና የሚነዳው ሁሉ አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ አንስቶ ሰላም ይልሃል። «ውብ ቀን ነው አይደል?» ይሉሃል በዝናብ። ሰላም የሚልህን ሰው መፍራት የመሰለ የሚያደክም ነገር የለም፣ ምክንያቱም መልሰህ መሳቅ አለብህ። ነጭ መኪና በመጣ ቁጥር ፖሊስ ነው ብዬ ፊቴን ወደ ባህሩ አዞራለሁ፣ ከዚያ የወተት መኪና ሆኖ ያልፋል። አይሪሿ እራት ላይ «እስከ መቼ ነው የቆይታ ፈቃዳችሁ?» ስትል ሹካዬ ወደቀ። እሷ ማለት የፈለገችው «ሰኞንም እኛ ጋ ዋሉ» ነበር።

ለእትዬ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? ቼክ አድርጌያለሁ ብዬ የለ?

ቅዳሜ ጠዋት ወጡ ደረሰ። እትዬ ነጠላቸውን አገልድመው ድስቱ ላይ ቆመዋል፣ እኔ መስኮቱ ጋ። ማንኪያውን ሰጡኝ። ልክ አፌ ውስጥ ሳስገባው አንድ የፖሊስ መኪና ሜዳው ላይ መጥቶ ቆመ። አንድ ረጅም ፖሊስ ወረደ፣ ቆቡን አስተካከለ፣ ወደ ቫናችን አየ።

«እህ?» አሉ እትዬ።

አፌ ውስጥ ምንም የለም። ካርቶን ነው። ምላሴ ደርቆ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል፣ ቅመም አይል፣ ቅቤ አይል።

«ይቀረዋል» አልኩ።

ጨመሩ። ቀመስኩ። ፖሊሱ ቫኗን እየዞረ «እንጀራ» የሚለውን ጽሑፍ ያያል።

«አሁንስ?»

«ይቀረዋል።»

«እርግጠኛ ነህ? ብዙ ጨመርኩ።»

«እትዬ፣ ይሄን ምላስ ይጠራጠራሉ?»

ያን እለት እንኳን ጉራዬን አልተውኩም! ሦስተኛ ጨመሩ። ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ይሉታል። እኔ ግን ጨው ሆኖ ሳለ ድንጋይ ነው አልኩት።

ባዛሩ ተከፈተ። ሰው ጎረፈ፣ ልጅ የተሸከመ፣ ውሻ የሚጎትት፣ አይስክሬም የያዘ። የመጀመሪያው ደንበኛችን ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ረጅሙ ፖሊስ። ጆሮው ቀይ፣ ፈገግታው እስከ ጆሮው።

«ከየት መጣችሁ?» አለኝ።

«ከለንደን።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ሃክኒ።»

«አይ፣ ከዚያ በፊት?»

«ሰቨን ሲስተርስ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዶሮውን ሰጠሁት። አንድ ጎረሰ። ቀይ ጆሮው የባሰ ቀላ። አይኑ ውሃ ሞላ። ዋጠ፣ ታገለ፣ ዋጠ።

«ላቭሊ» አለ፣ ግሩም ነው ማለቱ ነው። ሳህኑን ጨረሰ! ከዚያ ጎረቤታችን ያለው ሎሚ ውሃ ሻጭ ጋ ሄዶ ሁለት ጠርሙስ በአንድ ትንፋሽ ጠጣ።

ከሱ በኋላ የመጣው ሁሉ እንደሱ ነው። አንድ ሽማግሌ በሉ፣ ሳሉ፣ «ግራንድ፣ ግራንድ» አሉ፣ ወደ ሎሚ ውሃው ሄዱ። ባልና ሚስት በሉ፣ ተያዩ፣ «ላቭሊ»፣ ወደ ሎሚ ውሃው። ሎሚ ውሃ ሻጩ እጅ ሊስመን ምንም አልቀረው። አንድም ሰው፣ አንድም፣ «ጨው በዛ» አላለም። ያ አገር ሰው ከሚያስቀይም ቢሞት ይመርጣል።

እትዬ ግን አይን አላቸው።

«ምንድነው ሰዉ ሁሉ ውሃ የሚገዛው?»

«ሙቀቱ ነው እትዬ።»

ወደ ሰማይ አዩ። ያካፋል። ወደኔ አዩ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ና ወደዚህ።»

ቫኗ ጀርባ ወሰዱኝ። «ምላስህን ምን ነካው?» ብቻ ነው ያሉኝ። እኔም ተዘረገፍኩ። ቪዛውን፣ ጸጉር ቤቱን፣ ብሪክስተን ያለውን ልጅ፣ የእናቴን ጥላ፣ ሁሉንም። ስናገር ድምፄ የሌላ ሰው ነበር የሚመስለው፣ የልጅ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ባህሩን አዩ። ከዚያ «እኔን እዚህ ድረስ የጠራችኝ ሴትዮ ፊት አዋረድከኝ፣ ራስህን ደግሞ ገደል ጫፍ ላይ አቆምክ» አሉ። «ለመሆኑ ስንት ነው የጨመርነው?»

«አይሪሿ ትቅመስልን?»

«እሷ? እነዚህ ሰዎች አፈር ብታበላቸው ላቭሊ ነው የሚሉህ! እሷ ነች የምትነግረኝ?»

«እኔ ልቅመስ እንደገና...»

«አንተ ያለኸው አፍህ ውስጥ አይደለም።»

እውነታቸውን ነው። ሌላ የሚቀምስ ማንም አልቀረም። ድስቱ ጋ ሄዱ። ይሄን የምጽፈው እጄ እያመመኝ ነው። እትዬ ከሰባት አመታቸው ጀምሮ ፍልሰታን ገድፈው አያውቁም። ኦፕራሲዮን ሆነው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ እንኳን ነርሷን በወተት ተጣልተዋል። አማተቡ። ማንኪያውን ነከሩ። ጀርባቸውን ሰጡኝና ቀመሱ።

ማንኪያውን ክዳኑ ላይ አስቀመጡና እንደገና አማተቡ።

«አንተ ልጅ» አሉ ሳይዞሩ፣ «ይሄን ወጥ በባህሩ ውሃ ነው የሰራነው?»

መሳቅ ፈለግኩ፣ አልመጣም። ሽንኩርት አስከተፉኝ፣ ሌላ ድስት ያለ ጨው ጣዱ፣ ወጡን ከፋፈሉበት፣ ሁለት ጊዜ ደግመው ቀመሱ። አንዴ ከተገደፈ አይቀር አላሉም፣ በየጊዜው ያማትባሉ። ከሰዓት በኋላ ሎሚ ውሃ ሻጩ ገበያው ቀዘቀዘበት፣ የኛ ሰልፍ ግን ሜዳውን ዞረ። ረጅሙ ፖሊስ ተመልሶ መጣ፣ ሌላ ሳህን በላ፣ «ከጠዋቱም ይበልጣል» አለ። ይበልጣል!

አስር ሰዓት ላይ እትዬ ድንኳኑን እንዳፈርስ አዘዙኝ። ለአይሪሿ ጉልበቴን አመመኝ አሏት። እሁድ ዋናው ቀን ነበር፣ እሷም ከፍቷት ነበር፣ ግን «ላቭሊ» አለችና አቀፈቻቸው። መኪና ሲገቡ ግን ለኔ እንዲህ አሉኝ፦ «ዛሬ መንገዱ በባዛር ሰው ይሞላል፣ ከሰዉ ጋር ተደባልቀን እንውጣ። ደብተርህን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። ደረታቸው ውስጥ፣ ገንዘብ የሚያስቀምጡበት ቦታ፣ ከተቷት።

«ከጠየቁ እኔ እናገራለሁ። አንተ ዝም በል። በሕይወትህ አንድ ቀን እንኳን ዝም በል።»

ዝም አልኩ። ያ መንገድ አርብ ሲያስቀኝ የነበረው መንገድ ነው፣ ግን ረዘመ። ጸሐይዋ ገና አለች፣ በክረምት እዚያ አትጠልቅም ማለት ይቻላል፣ ባህሩ በግራችን ያብረቀርቃል፣ እኔ ያንን ሁሉ ውበት የማየው እንደ ሌባ ነው። ነዳጅ ማደያዋ ልትታይ ስትል መኪኖቹ ቆሙ። ሰልፍ። ፊት ለፊት ቢጫ ጃኬት የለበሱ ፖሊሶች። ላባችሁ በአፍንጫችሁ ጫፍ ሲንጠባጠብ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ።

በተቃራኒው በኩል፣ ከደሪ በሚመጣው መንገድ ላይ፣ አንድ አውቶቡስ ዳር ይዞ ቆሟል። ሁለት ፖሊሶች ገብተው ወጡ። ከኋላቸው አንድ ሰው ወረደ። ጥቁር ጃኬት፣ አንድ ፌስታል። አቋቋሙን ሳየው አወቅኩት። ሰውዬውን አላውቀውም። ግን የኛ ሰው እንደሆነ አወቅኩ፣ እናንተም ብትሆኑ በመቶ ሜትር ታውቁት ነበር። ፌስታሉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ ሲያናግሩት ጎንበስ ይላል። እሱ እየገባ ነበር፣ እኔ እየወጣሁ። ማን ኬላ የለም እንዳለው አላውቅም። ጸጉር ቤት የሌለበት ከተማ የለም።

የኛ ተራ ደረሰ። ወጣት ሴት ፖሊስ ነች። መንጃ ፈቃድ አለችኝ፣ ሰጠኋት። መንጃ ፈቃዴ የእንግሊዝ ነው፣ ንጹሕ ነው። አየችው፣ አየችኝ። ምላሴ እንደገና ካርቶን ሆነ።

«ምንድነው የምትሸጡት?» አለች የቫኗን ጽሑፍ እያየች።

«ፉድ ማይ ዳርሊንግ» አሉ እትዬ ከጎኔ፣ እዚያው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ድፎ ዳቦ ገልጠው። «ቴክ፣ ቴክ። ፍሬሽ።»

ሳቀች። አመሰገነች፣ ሥራ ላይ ስለሆንኩ አልወስድም አለች፣ መንጃ ፈቃዴን መለሰችልኝ። «ሴፍ ሆም» አለች። ደህና ግቡ ማለት ነው።

ማርሹን አስገባሁ። ቀስ ብዬ ተንቀሳቀስኩ። አውቶቡሱ ጎን ስንደርስ ሰውዬው ቀና አለ። አይኑ ቫኗ ላይ አረፈ። ሲያነበው አየሁት፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ እ-ን-ጀ-ራ። ፊቱ በራ። በራ ስላችሁ፣ ያ ሁሉ ፖሊስ መሃል ቆሞ፣ ልክ ቤቱን ያየ ሰው ነው የመሰለው። አንድ እርምጃ ወደኛ መጣ።

«ወንድሜ!» አለ። መስኮቴ ክፍት ነበር። «ወንድሜ፣ አስተርጓሚ...»

ነዳሁ።

ሌላ ምን ላድርግ ትሉኛላችሁ? ቆሜ ላስተርጉምለት? «አንተስ ወረቀትህ የታል?» ቢሉኝስ? አውቃለሁ፣ ሁሉንም ምክንያት አውቃለሁ፣ ስንት ጊዜ ደርድሬዋለሁ። ነዳሁ። በመስታወቱ ሳየው እጁ እንደተዘረጋ ነበር።

«ጠራህ እኮ» አሉ እትዬ።

«እኔን አይደለም።»

ቢጫው መስመር ነጭ ሆነ፣ ኪሎሜትሩ ማይል ሆነ። ደሪ ገብተን ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያ ደብተሬን ከደረታቸው አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሯት። የገላቸው ሙቀት ገና አላት።

«እኔ ለወጡ ንስሐ እገባለሁ» አሉ። «አንተ ለየቱ እንደምትገባ አንተ ታውቃለህ።»

የነፍስ አባታቸው ስግደት ሰጧቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው። እኔ ልስገድልዎት ብዬ ለመንኳቸው፣ «ስግደት በሾፌር አይሆንም» አሉኝና አባረሩኝ። ከሦስት ወር በኋላ የኔ ወረቀት መጣ። እናቴ ጥላውን አስገባች፣ ቪዲዮ ላከችልኝ፣ ቀይ ቬልቬት፣ ዘርፉ ወርቃማ። ምላሴም ተመልሷል፣ ከፈለጋችሁ ፈትኑኝ። ኬላ የለም የሚል ሰው ጸጉር ቤት ውስጥ ስሰማ ብቻ ይደርቃል። ለዚህ ነው በዚያ ሰሞን አንዳችሁ ኬላ የለም ሲል ገብቼ የጮህኩባችሁ፣ ጉራዬን ልነዛ አይደለም።

አሁንም ውሸት ካላችሁ ሂዱ። ቅዳሜ ሃክኒ ሄዳችሁ እትዬን ጠይቁ፣ ስለ ጨው ስታነሱ ግን ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ዶኒጎል ሂዱ፣ ቪዛችሁን አስመትታችሁ፣ ያንን ባለ ቀይ ጆሮ ፖሊስ ጠይቁት፣ ላቭሊ ነበር ይላችኋል። ሎሚ ውሃ ሻጩን ጠይቁ፣ እሱ አይረሳንም። ይሄም ካልበቃችሁ ያንን ባለ ፌስታል ሰው ፈልጋችሁ አግኙት፣ እኔ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። አረንጓዴ ቫን፣ እንጀራ የተጻፈባት፣ መስኮቷ ክፍት፣ ሾፌሩ እየሰማህ አለፈህ ወይ ብላችሁ ጠይቁት። እሱ እዚያ ነበር። እሱ ውሸት ነው ካለ፣ ያኔ ውሸታም በሉኝ።